ቅበላ ለስድስት ውሾች

ቶሮንቶ፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ የሚሉት ሰፈር፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ስንኖር መቀመጥ አልችልም ነበር። ልጄ በማለዳ ኢቶቢኮ ወዳለው መጋዘን ለሥራ ትወጣለች፤ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ትሄዳለች፤ እኔ ከመስኮቱ ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ መስኮቱ እመላለሳለሁ። ቁልቁል ሲያዩ ሸለቆውና በሸለቆው ውስጥ የሚተራመሰው መኪና ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚሄድበት አለው፣ እኔ ብቻ ቆሜ ቀረሁ እያልኩ ከመኪና ጋር እጣላ ነበር። ሲብስብኝ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እሄድበታለሁ። የሕንፃው ተቆጣጣሪ፣ ሱፐር የሚሉት፣ አንድ ቀን ልጄን አስቁሞ "እናትሽ የጠፋባቸው ዕቃ አለ?" አላት።

"ሥራ ጠፍቶባቸዋል በይው" አልኳት።

ሥራ ሳጣ የሰው ጠብ ውስጥ እገባለሁ። ምድር ቤት ያለው ላውንድሪ ክፍል ስድስት ማሽን ነበረው፤ የሚሠሩት ሦስቱ ናቸው። ጉልበተኛው የደካማውን ልብስ እርጥቡን አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ ይወረውርና የራሱን ይከታል። አላስችል አለኝ። ወንበር ይዤ ወርጄ በሩ ላይ ተቀመጥኩና ተራ ማስያዝ ጀመርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ የፈረንጅ ስም መጻፍ አይሆንልኝም፤ "ባለ ቀይ ሹራቡ"፣ "የመንትዮቹ እናት"፣ "ሳቂታው" እያልኩ በአማርኛ እመዘግባለሁ። ሁለት ሳምንት ሁሉም በተራው አጠበ። ከዚያ ሱፐሩ ወንበሬን ወሰደብኝ።

ይህን አስቀድሜ የማወራው፣ ቀጥሎ የምናገረውን የሰማ ሰው ሆነ ብላ ነው እንዳይለኝ ነው። ያኔም እንዳይሉኝ ፈርቼ ነበር።

የልጅ ልጄ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እሷም እንደኔ እግሯ አያርፍም። ከእናቷ ጋር ብዙ ዓመት ፎርክሊፍት የሚሉትን የመጋዘን ዕቃ ማንሻ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ነበር፤ ከቶሮንቶ ወደ ሰሜን የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ጫካ ዳር፣ አሥራ ስድስት ውሾች ያኖራል። ሃስኪ ይሏቸዋል። ጸጉራቸው ድርብ ነው፣ የአንዳንዶቹ ዓይን እንደ በረዶ የነጣ ነው። ስሌድ የሚጎትቱት እነሱ ናቸው፤ ስሌድ ማለት ጎማ የሌለው፣ በሁለት ረጃጅም እንጨት በረዶ ላይ የሚንሸራተት ጋሪ ነው፣ ነጂው ከኋላው ይቆማል። ሰውዬው አንድ ክረምት የመጋዘኑን ሰዎች ከነልጆቻቸው ጠርቶ አሳያቸው። ሌላው አይቶ ተመለሰ። የኛዋ ልቧ እዚያው ቀረ፤ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የእናቷን መኪና እየወሰደች መሄድ ጀመረች።

"ውሻ ሰው ይጎትታል?" አልኳት።

"ስድስት ሆነው እኮ ነው እማማ።"

"ስድስት ውሻማ ስድስት ቦታ ነው የሚሄደው!"

"መጥተው ይዩ።"

ሴት ልጅ ብቻዋን ወደማላውቀው ሰው ጫካ አልሰድም ብዬ አብሬ ሄድኩ። ልጄ በር ላይ ቆማ "እማዬ፣ ብርዱን አትችዪውም" አለችኝ። "ብርዱ እኔን ይቻለኝ" ብዬ ጋቢዬን በካፖርቴ ላይ ደረብኩ።

ውሻ ቤት የማላስገባ፣ ውሻ ከነካኝ ሳልታጠብ ቤተ ክርስቲያን የማልሄድ ሰው ነኝ። ያን ቀን ያየሁትን ግን እስካሁን አልረሳውም። ሰውዬው ማሰሪያውን ይዞ ብቅ ሲል ውሾቹ አበዱ። ይዘላሉ፣ ይጮኻሉ፣ ገመድ ይነክሳሉ፣ የቤታቸው ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። ሰው ከሰው አይደማመጥም። ጥንድ ጥንድ አድርጎ ጠመዳቸው፤ ልክ አባቴ በሬ እንደሚጠምድ፣ ከባዶቹን ከኋላ፣ አስተዋይዋን ከፊት። ጩኸቱ ባሰ። ከዚያ ከስሌዱ ኋላ የቆመችው የልጅ ልጄ ከፍሬኑ ላይ እግሯን አነሣች።

ጸጥ አለ። አንድም ድምፅ የለም። የእግራቸው ኮቴና የበረዶው ፍጭት ብቻ እየራቀ ሄደ። እኔንም ቢለቁኝ ዝም እል ነበር አልኩ በልቤ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ አልቀረሁም።

አንድ ነገር ግን አስቆጣኝ። ውሾቹ የሚበሉት ማታ፣ ከሩጫ በኋላ ነው። ጠዋት ውሃ ብቻ ይሰጣቸዋል፣ ያውም የሥጋ ሽታ ያለው ውሃ፤ ለማታለል ይመስላል። እኛ አገር በሬ እንኳ ድርቆሹን ሳይበላ ቀንበር አይጫንበትም። መንገደኛ በባዶ ሆዱ አይሸኝም። በገና ሰሞን የልጅ ልጄን ጠርቼ "ለሰውዬው ንገሪልኝ፤ ይህ ስስት ነው፣ እንስሳ ሳያበሉ ማሠራት ግፍ ነው በይው" አልኳት። እሷም በእንግሊዝኛ ተናገረች። ሰውዬው ደስ ብሎት ፈገግ አለና ባርኔጣውን አነሣልኝ። ተሰድቦ የሚስቅ ሰው ምን ዓይነት ነው እያልኩ ገረመኝ።

ሰውዬው በየዓመቱ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አምስት ቀን የሚፈጅ ጉዞ ወደ ሰሜን ይሄዳል፤ ሐይቅ ላይ፣ ጫካ ውስጥ፣ ድንኳን ውስጥ እያደሩ። ሁለት ስሌድ ነው የሚሄደው፤ አንዱን እሱ ይነዳል። ያን ዓመት ለሁለተኛው ነጂ ያስፈልገው ነበር፤ ሁለት ሰዎች ፈለጉት። አንዷ የኔዋ ናት። ሁለተኛዋ ከኢቶቢኮ በአውቶቡስ የምትመጣ፣ ከኔዋ በሁለት ዓመት የምትበልጥ ዝምተኛ ፈረንጅ ልጅ ናት። መኪና የላትም፣ ይዟት የሚመጣ ዘመድም የላትም። የውሾቹን ኩስ እየጠረገች፣ እያበላች ነው መንዳት የተማረችው። እኔ መጀመሪያ በሄድኩ ቀን ሳልጠይቃት ወንበር አምጥታልኛለች፤ ያን አልረሳሁላትም።

የኔዋ ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቀለች። በእንቅልፏ ውሾቹን ትጠራለች። "እማማ፣ ይህን ካጣሁ እሞታለሁ" ትለኛለች። እኔም ለሷ ተመኘሁ፤ አልዋሽም፣ አጥብቄ ተመኘሁ።

ሰውዬው ፈተና አደረገ። ሁለቱም ሲያሠለጥኗቸው የከረሙትን ስድስት ስድስት ውሾች ይዘው የግማሽ ቀን መንገድ ሄደው ይመለሳሉ። የኔዋ ውሾች አንገትጌ ሰማያዊ ነው፣ የዚያችኛዋ ቀይ። ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ዐቢይ ጾም የሚገባበት ሰኞ ከመድረሱ በፊት ያለው ቅዳሜ።

ልጄና ጓደኞቿ ከገበሬ ላይ በሬ ገዝተው ቅርጫ ገብተው ነበር። የኛ መደብ ገና አላለቀም። ሐሙስ ዕለት ሁሉንም ቀቀልኩት።

"እማዬ፣ ፍሪዘር የሚባል ነገር አለ እኮ" አለች ልጄ።

"ሥጋ ቤቴ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሃምሳ አምስት ቀን ሲያየኝ አልኖርም።"

ትልቁን ድስት በጋቢ ጠቅልዬ መኪናው ኋላ ጫንኩት። ለማን እንዳሰብኩት ለማንም አልተናገርኩም። ዓርብ ማታ ደርሰን እዚያው አደርን።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሣሁ። ድስቱን ተሸክሜ ወጣሁና ሥጋውን አሥራ ሁለት ቦታ እኩል መደብኩት፤ አጥንቱን ከአጥንት፣ ጮማውን ከጮማ ጋር እያስተያየሁ፣ ልክ ለቅርጫ እንደሚመደበው። ስድስቱን ወስጄ መጀመሪያ ወደ ቀይ አንገትጌዎቹ ሄድኩ። የቤት ልጅ ኋላ ነው የሚበላው፣ እንግዳ ይቀድማል። አንድ በአንድ ሰጠኋቸው። "እንኳን ለቅበላው አደረሳችሁ፣ ብሉ፣ መንገዳችሁ ረጅም ነው" አልኳቸው። ሳያላምጡ ነው የዋጡት። ወደ ሰማያዊዎቹ ልዞር ስል የሰውዬው ኩሽና መብራት በራ። ስስታሙ ተነሣ፣ ይከለክለኛል ብዬ የቀረውን ድስት ውስጥ መልሼ መኪናው ኋላ ከተትኩት።

ጠዋቱን በሙሉ ያንገበገበኝ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? የኛዎቹ ሳይበሉ ቀሩ፣ አዳላሁ፣ ያውም በልጅ ልጄ ላይ አዳላሁ የሚለው ነው።

ማን እንደሚቀድም ሰውዬው ሳንቲም ሊወረውር አወጣ። "ቆይ" ብዬ ተቀብዬ ሁለቱንም ፊት ካየሁ በኋላ መለስኩለት። ለኔዋ ወጣላት። ሄደች። ሃያ ደቂቃ ቆይታ ያችኛዋ ተከተለች። እኔ ግቢው ውስጥ ተመላለስኩ። በረዶው ላይ የኔ ዱካ ብቻ እንደ ታረሰ መሬት ሆነ።

የኔዋ በሰዓቱ መጣች፤ ጉንጯ ቀልቶ፣ ሽፋሽፍቷ በረዶ ይዞ። ያችኛዋ ቀረች። ሰውዬው ሊፈልጋት ሊነሣ ሲል ከጫካው ብቅ አለች። በእግሯ ነው የምትሄደው። አንዷ ውሻ ስሌዱ ላይ ተጭናለች፤ ሌሎቹ አንገታቸውን ደፍተው ይጎተታሉ። ሁለቱን እዚያው ግቢ እንደ ደረሱ አስመለሳቸው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ በረዶው ላይ ያለውን አየ፤ ቀና ብሎ ልጅቷን አየ። አንድ ነገር ጠየቃት፣ የለም እያለች ራሷን ነቀነቀች። ደግሞ ጠየቃት፣ ደግማ ነቀነቀች። ድምፁን አላነሣም፣ የተናገረው ግን ፊቷን አመድ አስመሰለው።

የልጅ ልጄን እጅ ያዝኩ። "ምን አላት?"

"ሥጋ አብልታቸዋለች እማማ፣ ጠዋት! ሆዳቸው ሞልቶ ሲሮጡ ይታመማሉ፣ ሊሞቱም ይችላሉ። እሷ ደግሞ አላበላሁም ትላለች። 'የምትዋሽ ሰው ይዤ አምስት ቀን አልሄድም' አላት።" ከዚያ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "እኔ ነኝ የምሄደው! እማማ፣ እኔ ነኝ!"

መናገር ነበረብኝ። የልጅ ልጄ ግን አንገቴን አቅፋ በደስታ ትዘላለች። ሻይ ሰጡኝ፣ ጠጣሁ። መኪና ውስጥ ገባሁ። መኪናው ተነሣ።

አንድ ሰዓት ያህል ስንሄድ እግሬ አላርፍ አለኝ፤ የመኪናውን ወለል እረግጣለሁ።

"ሽንት ቤት ነው?"

"ሥጋውን ያበላሁት እኔ ነኝ።"

መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ በመስታወቱ አየችኝ፤ ሳቋ ተቋረጠ። ሁሉንም ነገርኳት።

"በቃ፣ አልፏል" አለች። "ማንም አያውቅም።"

"እኔ አውቃለሁ። አዙሪ።"

"አላዞርም! ሆነ ብለን ያደረግነው ነው የሚመስለው፣ አይገባሽም? የሷን ብቻ አብልተሽ የኔን ትተሽ! ማን ያምንሻል?" ስትናደድ አንቱታው ይጠፋታል።

"አያምኑኝ። አዙሪ።"

ነዳጅ ማደያ ጋ ስትቆም በሩን ከፍቼ ወረድኩና ወደ መጣንበት በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ነው። እሷ መኪናውን አዙራ፣ መስኮት ዝቅ አድርጋ ከጎኔ ቀስ እያለች ትነዳለች።

"እማማ! ፕሊስ! ሰው እያየን ነው!"

"ይየኝ።"

"ሰማንያ ኪሎ ሜትር ነው እኮ!"

"ፊትሽን ወደ ሰሜን እስክታዞሪ ድረስ እሄዳለሁ።"

"አዙሬያለሁ! ይኸው አዙሬያለሁ፣ ግቢ!"

እውነትም ዞራለች። ገባሁ። እስክንደርስ አለቀሰች።

ስንደርስ ሰውዬው ባልዲ ያጥባል። ልጅቷ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አድርጋ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች፤ አውቶቡስ ጣቢያ ሊያደርሳት ነው። የልጅ ልጄ ከመኪናው አልወርድም አለች። ድስቴን አውጥቼ ሰውዬው ፊት በረዶው ላይ አስቀመጥኩና ክዳኑን ከፈትኩ። ስብ ረግቶበታል። ወደ ቀይ አንገትጌዎቹ ጠቆምኩ። ደረቴን መታሁ። "ሚ" አልኩ። ወደ ልጅቷ ጠቆምኩ። "ኖት ሺ።" ከዚህ ያለፈ እንግሊዝኛ አልነበረኝም።

የመኪናው በር ሲከፈት ሰማሁ። የልጅ ልጄ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

"አንድም ሳታስቀሪ ንገሪው" አልኳት።

ተናገረች። ረጅም ጊዜ ተናገረች። ሰውዬው ሰምቶ አንድ ነገር ጠየቀ።

"ለምን የሷን ብቻ አበሉ ይላል።"

"እንግዳ ይቀድማል በይው። ወደ ቤት ልጅ ስመጣ መብራቱን አበራ። ይኸው የኛዎቹ ስድስት መደብ፣ ይቁጠረው።"

ሰውዬው ድስቱ ውስጥ አየ። ደግሞ ጠየቀ። አሁን የልጅ ልጄ ለመተርጎም ዘገየች።

"ጠዋት ለምን እንደማይበሉ ቀድመው ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር ይላል።"

"ጠይቄዋለሁ! በገና ሰሞን! አንቺ አይደለሽ የነገርሽው?"

ጫማዋን አየች። "ውሾችህ በጣም ያምራሉ ትላለች ነው ያልኩት።"

"ምን?"

"ስስታም ነህ በይው ነበር ያልሽኝ! ያንን እንዴት ልበለው? ያባርረናል ብዬ ነዋ!"

ለካ ሰውዬው ባርኔጣውን ያነሣው ለዚያ ነው። እሷም ያንንም ራሷ ነገረችው፤ እንባዋ እየወረደ። የሰውዬው ከንፈር አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፣ ልቆጣ ወይስ ልሳቅ ያለ መሰለ። ከዚያ ወደ በረንዳው ሄዶ ባርኔጣውን አወለቀና ልጅቷን አናገራት። ይቅርታ ጠየቃት፤ እሱን ለመረዳት አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። ወደኔ መጥታ "አንዷ ብትሞትስ?" አለች። የልጅ ልጄ ሳታለሳልስ ተረጎመችልኝ።

ውሾቹ አሥር ቀን ካረፉ በኋላ ፈተናው እንደገና ሆነ። የኔዋ በአራት ደቂቃ ቀድማ ገባች። ግን መሪዋ ውሻ ታነክሳለች፤ እግሯ ላይ የሚደረገው ትንሽ ጫማ ወልቆ ጠፍቷል፣ የኔዋ ለማየት አልቆመችም። የዚያችኛዋ ስድስቱም ጅራታቸውን አቁመው መጡ። ሰውዬው ወደ ያችኛዋ ልጅ ሲዞር የኔዋ ወደኔ ጮኸች።

"እማማ! ቀድሜያለሁ! አንቺ አይደለሽ ፍትሕ የምትወጂው? ንገሪው!"

ሁሉም ያየኛል። በረዶው ላይ ቀይ ነጠብጣብ ተከታትሎ እሷ እግር ሥር ይደርሳል።

"ውሻሽ ደምታለች" አልኩ።

ያችኛዋ ተመረጠች፤ የኔዋ ከዚያ በኋላ አላናገረችኝም። ካርታውን ከግድግዳ አወረደችው፤ አልቀደደችውም፣ ጠቅልላ አልጋዋ ሥር ከተተችው። እኔ ኮሪደሩን ስመላለስ እሷ ክፍሏ ውስጥ ስትመላለስ እሰማለሁ። አንደኛችን ስትቆም ሌላዋ ትቀጥላለች። ልጄ መሐል ሆና "ሁለታችሁንም አስሬ ስሌድ ላስጎትታችሁ ነው" ትላለች። እውነተኛ የሆነ ሰው እንቅልፍ ይወስደዋል ይባላል። እኔን አልወሰደኝም።

ጉዞው በሚነሣበት ቀን ጠዋት የልጅ ልጄ ቁልፉን ይዛ በር ላይ ቆመች። "ይመጣሉ?" አለችኝ፣ ሌላ ቃል ሳትጨምር። ሄድን። ሰውዬው ሲያየኝ ጭልፋውን ሰጠኝ። ለአሥራ ሁለቱም ውሃቸውን ቀዳሁላቸው፤ ያቺኑ ሥጋ የሸተተች ውሃ፣ እኩል እኩል። አንድ ፍርፋሪ አልጨመርኩም። የኔዋ ያችኛዋን ልጅ ማሰሪያ ስታጠባብቅ ረዳቻት፤ የእያንዳንዱን ውሻ ጫማ ሁለት ጊዜ አየች። ውሾቹ እንደ ልማዳቸው ግቢውን አናወጡት። ፍሬኑ ተለቀቀ። ጸጥ አለ። ጥቁር ነጥብ እስኪሆኑ ድረስ ቆመን አየን።

"ደስ አለሽ?" አለችኝ።

"አላለኝም። አንቺ እንድትሄጂ ነበር የፈለግሁት።"

ዞር ብላ አየችኝ። ይህን የጠበቀች አልመሰለኝም። አፍንጫዋን በጓንቷ ጠረገችና ወደ መኪናው ሄደች።

ስንመለስ ያ ነዳጅ ማደያ ጋ ስንደርስ ፍጥነቷን ቀነሰች፣ ወደ ዳር ወጣችና መኪናውን አቆመች። ወደ ፊት እያየች፣ ፊቷ ሳይፈታ፣

"እማማ፣ እዚህ ይወርዳሉ ወይስ አብረን እንሂድ?" አለች።

በሩን ቆለፍኩት።